የእማማ ትርንጎ ወረንጦ

ኅዳር 4 ቀን 2010፣ ደባርቅ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቻለሁ። መብራት ሳይሄድ ይሙላ። ሻዬ ቀዝቅዟል። ጣቴ ከውርጩ የተነሳ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ጽሑፌ ቢወላገድ አንተ ደብተር ቻለው፣ ሌላ ሥራ የለህም።

የጎንደሩ መልስ ገባ። ከአምባራስ የተላኩት የዓይን ፎቶዎች በሙሉ፦ "ችግር አልታየም፤ ኦፕራሲዮን አያስፈልግም።" በሙሉ ነው የምልህ። እማማ ትርንጎም ጭምር። ለእሳቸው ይሄ ሁለተኛው ነው። ደሜ ፈላ።

አንተ እማማ ትርንጎን አታውቃቸውም። እኔ አውቃቸዋለሁ። ግራ ዓይናቸውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ለዓይን ስልክ የሚባል ነገር ሳይመጣ በፊት። ትራኮማ የዓይናቸውን ቆብ ወደ ውስጥ አጥፎት፣ ሽፋሽፍቱ ተቀልብሶ ብሌኑን ሲፍቅ ከርሞ፣ እኔ ዘንድ ሲመጡ ጊዜው አልፎ ነበር። ቆቡን አቃናሁት። ብርሃኑን አልመለስኩትም። ያኔ ቀኙ ደህና ነበር፤ አሁን ቀኙም ጀምሮታል ብላ አገሬ ነገረችኝ። አገሬ የአምባራስ ጤና ኤክስቴንሽን ናት። ሰነፍ አይደለችም፣ ዋሾም አይደለችም። የእማማ ትርንጎ ባል መሪጌታ ደግሞ ዓይነ ስውር ናቸው። በትራቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሷቸው እማማ ናቸው። የእኚህ ሴት ቀኝ ዓይን የሚያየው ለሁለት ሰው ነው። እሱ ከጠፋ ያ ቤት ጨለመ ማለት ነው።

ድሮ ቢሆን ቦርሳዬን አንግቤ ሄጄ እሠራቸው ነበር። ነርስ ብሆንም ለቆብ ኦፕራሲዮን ሰልጥኛለሁ፣ ወረቀቱም አለኝ። አሁን ሕግ ወጣ። ፕሮጀክቱ ስልክ አደለ፤ እነ አገሬ በየቀበሌው ዓይን ፎቶ ያነሳሉ፤ ጎንደር የተቀመጠው የዓይን ሐኪም ያያል፤ እሱ "ይሠራ" ካላለ የእኔ መቀስ ከሳጥኑ አይወጣም። ሐኪሙን ወደ ገጠር እናቀርባለን ነበር ያሉት ስልኩን ሲያድሉን። አጨብጭቤላቸዋለሁ፣ እኔም።

ኅዳር 7፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ለዶ/ር ሄኖክ ደወልኩ። ፎቶውን የሚያየው ሐኪም እሱ ነው። ታናሽ ወንድሜን ቢያህል ነው። መስመሩ እየተቆረጠ፣ እኔ እየጮኽኩ። የታወረው ዓይንህ ነው ወይስ ስልክህ ብዬዋለሁ፣ አልክድም። አልተቆጣኝም። የባሰ ያናደደኝ እሱ ነው።

ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ፎቶው ጥርት ያለ ነው፣ ብሌኑን የነካ አንድም ፀጉር አይታይበትም፣ ያላየሁትን አየሁ ብዬ አልፈርምም አለኝ። ሕጉ ለምን እንደወጣም ነገረኝ፤ የሆነ ቦታ አንድ ባለሙያ ተጣድፎ ደህና ቆብ ቀደደ፣ ሰውዬው ዛሬም ሲተኛ ዓይኑ አይከደንለትም። እሱን ስሰማ ትንሽ በረድኩ። ትንሽ።

እውነቱን ልጻፍልህ፣ ሌላ የሚያነብህ የለም። ልጁ ዕውር አይደለም። የአምባ ጊዮርጊሱ እህል ነጋዴ ላይ እኔ መነጽር ይበቃዋል ብዬ ጽፌ ነበር። ዶ/ር ሄኖክ በስልክ የተላከለትን የውስጥ ዓይን ፎቶ አይቶ የዓይን ግፊት ጠረጠረ፣ አስጠራው፣ ልክም ሆነ። ነጋዴው ዛሬ ጠብታውን ኪሱ ይዞ እህሉን እያየ ይሰፍራል። እንደኔ ቢሆን ኖሮ በመነጽሩ ውስጥ ጨለማ ያይ ነበር።

ታዲያ አገሬ አትዋሽም፣ እሱም አልታወረም። መሀል ላይ ምን አለ? ለሚካኤል አምባራስ እወጣለሁ። አገሬ ዕለቱን ከቅዳሴ በኋላ እንደገና ፎቶ ታነሳለች። በዓይኔ አያለሁ።

ኅዳር 12፣ አምባራስ፣ እኩለ ቀን

ትናንት ወደ ጨነቅ ካምፕ ዕቃ በሚያደርስ አይሱዙ መጣሁ፣ ከቱሪስት የታሸገ ውሃ ጋር ተጭኜ። ወገቤ የለም። አገሬ ቤት አደርኩ።

ዛሬ ጠዋት። ቅዳሴ አለቀ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ፀሐይ የሚመታው በኩል፣ ሴቶቹ ተሰብስበዋል። ሁሉም አጥበው ለብሰዋል፣ ተቀብተዋል። አንዷ በአንዷ ጭን ላይ ጋለል ብላለች። መጀመሪያ ቅማል የሚለቃቀሙ መስሎኝ አለፍኩ። ተመለስኩ። ቅማል አይደለም። አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር ያሰሩትን ወረንጦ ፈትተው ሽፋሽፍት ይነቅላሉ። ያቺ ለዚች፣ ይቺ ለዚያች። የተነቀለላት በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ታብስና ተነስታ ወደ አገሬ ሰልፍ ትሄዳለች። ለፎቶ።

ጉድ በል ጎንደር።

ወረንጦውን አላውቀውም እንዳትለኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንገታቸው ላይ አይቼዋለሁ። ሽፋሽፍቱ ሲወጋቸው ይነቅሉታል፣ መልሶ ይበቅላል፣ ይነቅሉታል። ለፎቶው ብለው ይነቅላሉ የሚል ግን በሕልሜም አልመጣልኝም። አገሬም አላሰበችውም፤ ተዘጋጅታችሁ ኑ ብላ ወደ ስልኳ አቀርቅራለች። ዶ/ር ሄኖክ ሲያይ የኖረው ተለቅሞ የጸዳ ዓይን ነው።

እማማ ትርንጎን ምን ነካዎት አልኳቸው። እሳቸው እኔን ነው የታዘቡኝ። ጎንደር ድረስ በሚሄድ ፎቶ ላይ፣ ያውም ለሐኪም፣ እንባዬን እያንጠባጠብኩ ዝንብ አስከትዬ ልቅረብ ወይ አሉኝ። "ቤቱን ሳይጠርግ እንግዳ የሚጠራ ማን አለ፣ ልጄ?"

መልስ ሳጣ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ቁጣ ይቀናኛል። ሁሉንም ተቆጣኋቸው። በእጃችሁ ነው ከኦፕራሲዮን የተሰረዛችሁት አልኩ። ከዛሬ ጀምሮ የሚነቅል የለም፣ ወረንጦአችሁን አምጡ። አጉረመረሙ፣ ግን እያንዳንዷ ፈትታ ሰጠችኝ። በአገሬ የሻይ ቅጠል ጣሳ ሰበሰብኩት። እማማ ትርንጎ መጨረሻ መጡ። ቋጠሮው አልፈታ ብሏቸው ቆየ። የእናታቸው ወረንጦ ነው፣ የአንጥረኛ ሥራ፣ ጫፉ ከአገልግሎት ብዛት የተነሳ ሳስቷል። ሰጡኝና አንገታቸውን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉ።

መሪጌታ ከግንቡ ሥር ተቀምጠው ሁሉንም ይሰሙ ነበር። "ሲስተር፣ በርበሬውን ከዓይኗ ሳታወጪላት መሀረቧን ወሰድሽባት?" አሉኝ። አልሰማሁም ብዬ አለፍኩ።

ከዚያ እማማን ለብቻቸው አየኋቸው። የቀኙ ቆብ ተቀልብሷል፣ ጥያቄ የለውም። ባትሪ አቅርቤ ሳየው የተነቀለው ፀጉር ጉቶ ተደርድሯል። ብሌኑ ጠርዝ ላይ ደግሞ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ። ግራውም እንዲህ ነበር የጀመረው። ሳጥኔ ያለው ደባርቅ ነው፤ ያለ ፈቃድ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ምክንያቱ ከታወቀ ፈቃዱ ነገውኑ ይመጣል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሞኝ።

ኅዳር 14፣ ደባርቅ፣ ከሰዓት

ለዶ/ር ሄኖክ ነገርኩት። እኔ እንዴት አላሰብኩትም አለ። አምኖኛል። ተነቅሎ ነው፣ ይሠራላቸው ብሎ ሊጽፍ ገባ። የፕሮጀክቱ የኮምፒውተር ሲስተም እምቢ አለው። ብሌን የነካ ፀጉር ፎቶው ላይ ካልታየ የኦፕራሲዮኑ ገጽ አይከፈትም። ሲስተሙን የሠራው ሰው ወረንጦ አያውቅም፣ ምን ያድርግ።

ቀጥሎ አስተባባሪው ደወለልኝ፣ ከፕሮጀክቱ ቢሮ። ድምፁ ጮማ ነው። ይሄማ ቀላል ነው ሲስተር አለኝ፣ ይብቀልና እንደገና ፎቶ ይነሱ። የኦፕራሲዮን ዘመቻው ታኅሣሥ ሲገባ ወደ ሌላ ወረዳ ያልፋል፤ ካልደረሱ ለሚቀጥለው ዙር፣ ከፋሲካ በኋላ። ነጩን ነጥብ ነገርኩት። ነጥቡም በፎቶው ይታያል አለኝ። ጮኽኩ። ስሜታዊ አትሁኚ አለኝ።

ስሜታዊ። ቆይ፣ እሱ ዓይን ውስጥ አንድ ሽፋሽፍት ይግባና ስብሰባ ይምራልኝ እስቲ።

ይሄን ሁሉ ብዬ ግን መጨረሻ ላይ እሺ አልኩ። ለአገሬም ደውዬ ማንም እንዳይነቅል ጠብቂ፣ ሲበቅል እንደገና አንሺ አልኳት። ጣሳው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ስጽፍልህ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

ኅዳር 20፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

አገሬ ደወለች። ታለቅሳለች።

አዲስ የሚበቅል ሽፋሽፍት አጭርና ጠንካራ ነው። የታጨደ ማሳ ላይ በባዶ እግር እንደመሄድ ነው፣ ከረጅሙ የባሰ ይወጋል። ይሄን አውቃለሁ፤ ለነአገሬ በሥልጠና ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እያወቅኩ እሺ አልኩ።

እማማ ትርንጎ ዓይናቸውን መግለጥ አቅቷቸዋል። ነጠላቸውን ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። በጥፍራቸው ሊነቅሉ ሞክረው ቆባቸውን ላጡት። ጎረቤት ሄደው ወረንጦ ለመኑ። ጎረቤት ወረንጦ የለም። የመንደሩ ወረንጦ ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው።

ነገ ጽዮን ማርያም ነች። መሪጌታ ማኅሌት አይቆሙም። እናድርስዎ ያላቸው ጎረቤት አልጠፋም፤ ዓይኔን ትቼ የት እሄዳለሁ አሏቸው አሉ።

አገሬ ጠየቀችኝ። ጤና ኬላው ውስጥ ፒንሴት፣ የሐኪም ወረንጦ፣ አለ፣ ልንቀልላቸው ወይስ ፎቶ ላንሳ? ከነቀለች ሥቃዩ ይበርዳል፣ ግን ፎቶው መልሶ ንጹሕ ይሆናል፣ እንደገና መጠበቅ ነው። ዘመቻው ደግሞ ሊያልቅ ነው።

ፎቶ አንሺ አልኳት።

ገባህ? ፎቶ አንሺ ያልኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ ንቀይ፣ ቅባቱንም ቀቢላቸው አልኩ። ስልኩን ዘግቼ እጄን ታጠብኩ። ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም።

ኅዳር 22፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

አገሬ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ወጥታ፣ ኔትወርክ እየለመነች ከትናንት ወዲያ ያነሳችውን ፎቶ ዛሬ ላከች። ለእኔም ልካልኛለች። የእማማን ቆብ ጎረቤት ሴት በጣቷ ገልጣ ይዛለች። እንባው ፀሐዩን ይዞ ያብረቀርቃል። ሽፋሽፍቱ ግን አለ፣ ይታያል፣ የማያይ የለም።

መልሱ ወዲያው መጣ፦ "የምስሉ ጥራት አነስተኛ ነው። እባክዎ እንደገና ያንሱ።"

ዶ/ር ሄኖክ አይደለም የመለሰው። እሱ ጋ አልደረሰም። ራሱ ሲስተሙ ነው፣ ከበር ላይ የመለሰው። ዓይኑ በደንብ አልተገለጠም፣ እርጥበት አለው ይላል። ሳይታመሙ ሲቀርቡ ችግር የለብዎትም፤ ታመው ሲቀርቡ ጥራት የለዎትም።

ጮኽኩ። ቃል የለውም፣ ዝም ብዬ ጮኽኩ። ዘበኛችን ዱላውን ይዞ ገባ፣ እባብ ነው ወይ ሲስተር እያለ። ስልኩን አሳየሁት። ምኑም አልገባውም፤ ብቻ የእማማን ዓይን አይቶ እግዜር ይማራቸው ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።

ለአገሬ ደወልኩ፣ አሁኑኑ ንቀይ ልላት። ፎቶውን እንዳነሳች ነቅላለች፣ መልስም አልጠበቀችም። ተባረኪ አልኳት። ግን ሌላ ነገር አለች። ነጩ ነጥብ ሰፍቷል።

ኅዳር 24፣ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ

አስተባባሪው ዘመቻውን ለመዝጋት ደባርቅ መጥቷል። ሆቴሉ ድረስ ሄጄ፣ ሳይጋብዘኝ ፊቱ ተቀመጥኩ። ሁለቱንም ፎቶ፣ የተለቀመውንም የሚያለቅሰውንም ዓይን፣ ከፈትኩለት። አየ። በጣም ያሳዝናል አለ። ማዘኑንስ አዘነ፣ ልክደው አልችልም። ግን ከአሠራር ውጭ ከሠራሽ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል አለኝ። ለዓይኑስ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል አልኩት። ስልኩን ማየት ጀመረ። ከሥራ ልትታገጂ ትችያለሽ፣ ቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው አለኝ፣ እንደ ወንድም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ተነስቼ ወጣሁ።

መንገድ ላይ እንዳለሁ ዶ/ር ሄኖክ ደወለ። ፎቶውን በቀጥታ ልኬለት ነበር፣ በሲስተሙ ሳይሆን በግሉ ስልክ። ድምፁ ተቀይሯል። አትጠብቂ አለኝ። ይሠራላቸው ብዬ በራሴ ስም ጽፌ ለሁሉም ልኬያለሁ፣ ከጠየቁ እኔን ይጠይቁ። ሠርተሽ ስትጨርሺ ስፌቱንና ነጥቡን አንስተሽ ላኪልኝ፣ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ነጥቡ ካስፈራኝ ጎንደር ይዘሽልኝ ነይ፣ አልጋ እፈልጋለሁ።

ዓይንህ ታውሯል ያልኩህን መልሼዋለሁ አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ታግጄ ብቀርስ ብዬ አሰብኩ። አስቤ አስቤ ፈራሁ፣ ልክድህ አልችልም፤ ከዚህ ሌላ ሥራ አላውቅም። ከዚያ እማማ አንገታቸውን ዳሰስ ያደረጉት ትዝ አለኝ። ፍርሃቴን ቁጣዬ በለጠው። ቁጣ ጥሩ ነው አንዳንዴ።

ኅዳር 25፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት

ሳጥኑን ከፈትኩ። ቁልፉ መቼም እኔ ጋ ነበር። መቀስ፣ መርፌ፣ ክር፣ ማደንዘዣ፣ ቅባት፣ ፋሻ። መሣሪያውን ትናንት ቀቅዬ ጠቅልያለሁ። የስልኩም ባትሪ ሙሉ ነው፤ ለስፌቱ ፎቶ።

ለአስተባባሪው መልእክት ላክሁ፦ "ዛሬ አምባራስ ላይ እማማ ትርንጎን እሠራለሁ። እንዳልሠራ ከፈለግክ መጥተህ መቀሱን ከእጄ ውሰድ።" አልመለሰም። ተኝቷል ወይ እያሰበ ነው፣ የራሱ ጉዳይ።

አገሬ ውሃ አፍልታ ትጠብቃለች። መሪጌታም ሲስተርን በሏት፣ እጇን ያጽናላት ብለው ልከዋል። በመሀረቡ ነገር ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ዛሬ እጠይቃለሁ።

አይሱዙው ጡሩምባውን ይነፋል። የሻይ ቅጠሉን ጣሳ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ለእያንዳንዷ ወረንጦዋን በእጇ እመልሳለሁ፣ ተራዋ እስኪደርስ እንድትነቅልበት። የእማማ ትርንጎን ብቻ አልመልስም። ከዛሬ በኋላ አያስፈልጋቸውም።